ግድግዳውን የሚያልፈው ሽቦ

የደሃና የድንጋይ ቤት ዋይፋይ አያሳልፍም፤ የመብራቱ መስመር ግን ያልፋል። በዚያው መስመር ኔትወርክ ማስኬድ ይቻላል፣ መስመሩ በወጉ ከተዘረጋ።

የደሃና ወረዳ ከተማ በሆነችው በአምደ ወርቅ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤቶች ፊት ለፊት ቆመዋል። ትልቁ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የቆየ ቤት ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ከክንድ ያልፋል። ትንሹ ኋላ የተጨመረ የልጆች ማጥኛ ሲሆን እሱም ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ደህና አድርጎ የሚይዘው በትልቁ ቤት አንድ መስኮት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ከዚያ መስኮት ደፍ ላይ አይነሳም። ዋይፋዩ ሳሎኑን ያዳርሳል። ግድግዳውን አልፎ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ሌላ ግድግዳ ሰንጥቆ ማጥኛው ክፍል መግባት ግን አልቻለም። የቤቱ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ መጽሐፍ ማውረድ ስትፈልግ ላፕቶፑን ታቅፋ እናቷ እንግዳ ወደሚቀበሉበት ሳሎን ትመጣለች።

አዲስ አበባ የሚሠራው ወንድሟ ሁለት ነጫጭ መሣሪያዎች ላከ። መጠናቸው ከጎላ ያለ የስልክ ቻርጀር አይበልጥም። እያንዳንዱ በቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ከሥሩ የኔትወርክ ኬብል ማስገቢያ አለው። አንዱን ራውተሩ አጠገብ፣ ሌላውን ማጥኛው ክፍል ሰክቶ ማገናኘት ብቻ ነው የሚቀረው። መካከል ላይ ያለውን መንገድ የሚሸፍነው ድሮ ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋው የመብራት መስመር ነው።

መስመሩን እንዲፈትሽ የተጠራው የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ገና ካቻቪቴውን ሳያወጣ ወደ ማድ ቤቱ ዞረ። «እማማ፣ ለጊዜው ምጣዱን ይንቀሉልኝ፤ እኔ ሳልነግርዎ አይሰኩት።»

«ምጣዱ ደግሞ ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው ልጄ?»

«ሁለቱም የሚሄዱት በአንድ ሽቦ ነው። አንቱ እንጀራ ሲጋግሩ እዚያ ማዶ የምታጠናው ልጅ ይሰማታል።»

በዚህ አጭር መልስ ውስጥ የቴክኖሎጂው ጥቅምም ፈተናውም አለ። ሽቦው ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ አዲስ መስመር መዘርጋት አያስፈልግም። ሽቦው ለሁሉም አንድ ስለሆነም በቤቱ ውስጥ የተሰካ ዕቃ ሁሉ ኔትወርኩን ይነካዋል።

ተለያይተው የመጡ ሽቦዎች

ስልክና ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በአራት ዓመት ልዩነት ነው። የቴሌኮም አገልግሎት የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ሲሆን፣ በጄኔሬተር የሚሠራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት ደግሞ በ1898 ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በራ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ለየብቻ አደጉ። ምሰሷቸው የተለያየ፣ መሥሪያ ቤታቸው የተለያየ፣ ባለሙያቸው የተለያየ ሆነ። ቤት ሲሠራም የመብራቱ ሽቦ በየክፍሉ ይዳረሳል፤ የስልኩ ግን ሳሎን ደርሶ ይቆማል።

በኃይል መስመር ላይ መልእክት መላክ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ግን የኮምፒውተር ዘመን ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1918 ጃፓን ውስጥ በከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ላይ የሰው ድምፅ ማስተላለፍ ተችሏል። በ1920ዎቹም በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ የኃይል ኩባንያዎች ራቅ ካሉ ጣቢያዎቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በገዛ መስመራቸው ነበር። የኃይል ማመንጫና ማከፋፈያ ጣቢያ ያለ ስልክ ሊሠራ አይችልም፤ የተለየ የስልክ መስመር በተራራ ላይ ከመዘርጋት ይልቅ ቀድሞ የተዘረጋውን መጠቀም ይረክሳል።

የእኛም አገር የኃይል ማማዎች ዛሬ መረጃ ይሸከማሉ፤ መንገዱ ግን ትንሽ ይለያል። በከፍተኛ ተሸካሚ ማማዎች አናት ላይ መብረቅ እንዲቀበል የሚዘረጋው ሽቦ በሆዱ ውስጥ ፋይበር አለው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ይህን ፋይበር ለራሱ ጣቢያዎች ከመጠቀም አልፎ ለቴሌኮም አገልግሎት ያከራያል። ኃይልና መረጃ በአንድ ማማ አገር ያቋርጣሉ ማለት ነው። ጥያቄው ከቤት ደጃፍ በኋላ ለምን ይለያያሉ የሚል ነው።

ለዚህ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው ሆምፕላግ የተባለ የአምራቾች ኅብረት ነው። በዓመቱ ያወጣው የመጀመሪያ መስፈርት በሴኮንድ 14 ሜጋቢት ያስተላልፍ ነበር። በ2005 የወጣው ሁለተኛው ወደ 200 ከፍ አለ። በ2010 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር መስፈርቱን አጸደቀው። ዛሬ በካርቶኑ ላይ 600፣ 1000፣ 2000 ተብሎ የተጻፈባቸው መሣሪያዎች በገበያ ላይ አሉ።

እንዴት አይደባለቁም?

በሶኬታችን ያለው ኃይል 220 ቮልት ነው፤ በሴኮንድም 50 ዙር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። መሣሪያው በዚያው ሽቦ ላይ በሴኮንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 30 ሚሊዮን ዙር የሚመላለስ በጣም ደካማ ሞገድ ይጭናል። ማሕሌት ላይ ከበሮውና ጸናጽሉ በአንድ ቅጽበት ይሰማሉ፤ የአንዱ ድምፅ ወፍራምና ዝግ ያለ፣ የሌላው ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ ጆሮ አያምታታቸውም። በሽቦው ላይም እንዲሁ ነው። አምፖሉ ዝግ ያለውን ኃይል ይወስዳል፣ ፈጣኑን ልብ አይለውም። ማዶ ያለው መሣሪያ ደግሞ ዝግ ያለውን አጣርቶ ይተውና ፈጣኑን ያነባል።

ትልቁ ብልሃት ግን ጭነቱን መበታተኑ ነው። በ2005ቱ መስፈርት መረጃው በአንድ ሞገድ ተጠቅልሎ አይላክም፤ ከ900 በሚበልጡ ጎን ለጎን የሚሄዱ ንዑሳን ሞገዶች ላይ ይከፋፈላል። መሣሪያዎቹ እያንዳንዱን ንዑስ ሞገድ እየለኩ ጸጥ ባለው ላይ ብዙ፣ ረብሻ ባለበት ላይ ጥቂት ይጭናሉ፤ ጨርሶ በተበላሸው ላይ ምንም አይጭኑም። የቤት ውስጥ ረብሻ ከኃይሉ ምልልስ ጋር አብሮ የሚነሳና የሚወድቅ በመሆኑ፣ በዚያች አጭር ዙር ውስጥ እንኳ ጭነቱን ደጋግመው ያስተካክላሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ለመረጃ ተብሎ ያልተሠራ ሆኖ ሳለ መረጃ ሊሸከም የቻለው በዚህ ነው።

ገዢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር በቤተ ሙከራ፣ በሽቦው ላይ፣ የመላክና የመቀበሉ ተደምሮ የተገኘ ነው። 600 ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የኔትወርክ ኬብል ማስገቢያቸው በሴኮንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያስተናግድም። በተራ ቤት ውስጥ ከተጻፈው ሲሶ ከተገኘ መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ይሁን እንጂ በሞባይል ኢንተርኔት ለሚጠቀም ቤተሰብ ጠባቡ በር የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ እንጂ ሽቦው አይደለም።

ሽቦው የሚናገረው እውነት

ወደ ግቢው እንመለስ። ሁለቱ መሣሪያዎች ተሰክተው ተገናኙ፤ የግንኙነቱን ጥራት የምታሳየው መብራት ግን ቀይ ሆነች። ምጣዱ ተነቅሏል፣ የቡና መፍጫውም አልተሰካም። ኤሌክትሪሺያኑ ብሬከሩን አወረደ፤ በቴስተር መስመሩ መሞቱን አረጋገጠ፤ ከዚያ ወደ ማጥኛው ክፍል የሚሄደው መስመር የሚገነጠልበትን ሣጥን ከፈተ። ሁለት የመዳብ ሽቦዎች በእጅ ተጠምዝዘው፣ በናስትሮ ፈንታ በፌስታል ተጠቅልለዋል። ፌስታሉ ቀልጦ ከመዳቡ ጋር ተጣብቋል። ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሯል።

በፒንሳ የተቃጠለውን ቆረጠ፤ ሽቦውን ልጦ እስኪያብረቀርቅ አጸዳ፤ በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ አሰረው፤ ሣጥኑን ከደነ። ኃይሉ ሲመለስ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ተማሪዋ በማጥኛው ክፍል ሆና የፊዚክስ መጽሐፏን ማውረድ ጀመረች። እናቲቱ ግን ዓይናቸውን ከጠቆረው እንጨት ላይ አልነቀሉም። «ይኸ እኮ ቤቱን ሊበላው ነበር» አሉ።

ልክ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ይሆናል። ይህን ያህል ኃይል በላላ ማያያዣ ውስጥ ሲያልፍ ማያያዣው ይግላል፣ ይሻክራል፣ በመጨረሻም ብልጭታ ይፈጥራል። ያ ብልጭታ ለኔትወርኩ ረብሻ ነው፤ ለቤቱ ግን የእሳት መነሻ ነው። ቀይ የሆነችው መብራት ኢንተርኔት ደካማ መሆኑን ብቻ አልነበረም የተናገረችው።

ረብሻ የሚፈጥሩ ዕቃዎችን ለይቶ ማወቅም ይጠቅማል። ምጣድ ራሱ የሚግል ሽቦ እንጂ ብዙ የሚጮህ ዕቃ አይደለም፤ ጉዳቱ በቅርብ ሲሰካ ደካማውን ሞገድ መዋጡ፣ ሲበራና ሲጠፋም መስመሩን ማናወጡ ነው። የባሱት ርካሽ የስልክ ቻርጀሮች፣ ጥራት የሌላቸው ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች፣ እንደ ቡና መፍጫ ያሉ ውስጣቸው ብልጭ የሚል ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ናቸው። ከመሣሪያው አጠገብ የተሰካ አንድ ቻርጀር ማንሳት ብቻ ፍጥነቱን በግልጽ ሊቀይረው ይችላል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ዲቫይደር ላይ መሰካት ነው። ኃይል ሲዋዥቅ ዕቃ እንዳይቃጠል ተብለው የሚሠሩ ዲቫይደሮችና ስታቢላይዘሮች ፈጣኑን ሞገድ እንደ ረብሻ ቆጥረው ያጣሩታል። ስለዚህ መሣሪያው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰካል። ፊቱ ላይ ሶኬት ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ዲቫይደሩ ከእሱ ላይ ይሰካል፤ እዚያ የሚገኘው ማጣሪያ ከሌሎቹ ዕቃዎች የሚመጣውን ረብሻ ይቀንሳል።

ሌላው ልብ የሚባል ነገር ፌዝ፣ ማለትም ኃይሉ የሚገባበት መስመር ነው። ተራ መኖሪያ ቤት የሚገባለት አንድ ፌዝ በመሆኑ አይቸገርም። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን ሦስት ፌዝ ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ሶኬት በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው ፌዝ ላይ ከሆነ ሞገዱ ተዳክሞ ይሻገራል ወይም ጨርሶ ይቀራል። የትኛው ክፍል በየትኛው ፌዝ ላይ እንደሆነ በማከፋፈያ ሣጥኑ ክዳን ላይ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለዓመታት ይጠቅማል።

መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ይጠፋል። መሣሪያዎቹ የሚሠሩት ከዚያው መስመር በሚያገኙት ኃይል ነው። ጄኔሬተር ወይም የሶላር ኢንቨርተር የቤቱን መስመር የሚመግብ ከሆነ ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

የጎረቤት ቆጣሪና የጎረቤት ራዲዮ

በከተሞቻችን በአንድ ቆጣሪ ሁለትና ሦስት ተከራይ መጠቀሙ የተለመደ ነው። ሒሳቡን በጋራ የሚከፍሉ ሰዎች ሽቦውንም በጋራ ይጠቀማሉ። ሞገዱ የተከራይን ክፍል ከአከራይ ክፍል አይለይም፤ ቆጣሪም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። መረጃው በ128 ቢት ቁልፍ ተመስጥሮ ነው የሚሄደው፤ ነገር ግን በሆምፕላግ መስፈርት የተሠሩ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በአብዛኛው አንድ ዓይነት መነሻ ቁልፍ ይዘው ነው። ጎረቤት ተመሳሳይ መሣሪያ ገዝቶ ሳይነካካ ቢሰካው ሁለቱ ቤቶች አንድ ኔትወርክ ሊሆኑ ይችላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሁለቱም መሣሪያዎች ላይ ያለውን ማጣመሪያ ቁልፍ ተራ በተራ መጫን። ያን ጊዜ ሌላ ማንም የማያውቀው አዲስ ቁልፍ ያወጣሉ። ይህን ሳያደርጉ መጠቀም ደጅን ሳይዘጉ ማደር ነው።

ሌላው የጎረቤት ጉዳይ ራዲዮ ነው። መሣሪያው የሚጠቀምበት ከ2 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል የአጭር ሞገድ ራዲዮም ቤት ነው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገር ቤት የደረሰው በዚሁ ሞገድ ነው። በደጋማው አገር ኢንተርኔት በማይደርስበት ቤት ዜና የሚሰማው በራዲዮ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ ለመረጃ ተብሎ የተጠማዘዘና የተሸፈነ ባለመሆኑ የተጫነበትን ሞገድ ወደ ውጭ ይረጫል። የአማተር ራዲዮ ሰዎች በየአገሩ ባሰሙት አቤቱታ መሣሪያዎቹ የእነሱን ድግግሞሾች ዘለው እንዲያልፉ ተደርጓል፤ ይህ ጥበቃ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ላለው ኢቲ3ኤኤ ለተባለው የአማተር ራዲዮ ጣቢያም ይደርሳል። የተራ አድማጭ ጣቢያዎች ግን በዚያ ጥበቃ ሁልጊዜ አይካተቱም። ስለዚህ ጎረቤት ራዲዮው አልሰማ ካለው መሣሪያውን በዜና ሰዓት መንቀል፣ ራዲዮውንም ከግድግዳው አርቆ በባትሪ ማዳመጥ የመልካም ጉርብትና ወግ ነው።

ይህ ችግር ቀላል እንዳልሆነ የእንግሊዝ ከተማ ማንቸስተር ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኖርዌብ በሚል ስም የተጀመረ ሥራ ኢንተርኔትን በመንደር የኃይል መስመር በኩል ለየቤቱ ሊያደርስ አስቦ ነበር። በ1999 ተዘጋ። የንግድ ስሌቱ አላዋጣም፤ የመንገድ መብራት ምሰሶዎችም ሞገዱን እንደ አንቴና ወደ አየር ይረጩት ነበር። በአሜሪካ የማናሳስ ከተማ ነዋሪዎች በ2005 በመብራት መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት አገኙ፤ በ2010 የከተማው ምክር ቤት አገልግሎቱ እንዲቆም ወሰነ። በአንጻሩ ጣሊያንና ፈረንሳይ ዝግ ብሎ የሚመላለስ ሞገድ ተጠቅመው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የመብራት ቆጣሪዎችን በዚያው ሽቦ ያነብባሉ። ከእነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የመብራት ሽቦ ለመንደር ሙሉ ፈጣን ኢንተርኔት ጎዳና አይሆንም፤ ከቆጣሪ ወዲህ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ላለችው አጭር መንገድ ግን ይሆናል።

ኢንተርኔት ሳይኖርም ኔትወርክ አለ

በደሃና ይህ አጭር መንገድ ከሌላው ቦታ የበለጠ ዋጋ አለው። ደሃና የሚገኝበት ዋግ ኽምራ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት መብራቱም ስልኩም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦበት ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በመዳፊት ጠቅ ማድረግን ፈተና ክፍል ውስጥ የሚማር ልጅ ዕውቀቱ ሳይሆን እጁ ይጥለዋል።

ብዙ ሰው ኔትወርክና ኢንተርኔትን አንድ አድርጎ ያያል። አንድ ትምህርት ቤት ግን የውጭው መስመር ቢቋረጥም የራሱ ኔትወርክ ሊኖረው ይችላል። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም መላውን የአማርኛ ዊኪፒዲያ፣ ከ15 ሺህ በላይ ጽሑፎቹን፣ በአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። መማሪያ መጻሕፍት፣ የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎች፣ መምህራን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንጋ የቀረጿቸው ትምህርቶች በዚያችው ኮምፒውተር ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ኮምፒውተሯ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ትሆናለች፤ የመምህራን ክፍሉና የኮምፒውተር ክፍሉ በሌላ ሕንፃ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ያለውን የድንጋይ ግድግዳ የመብራቱ መስመር ያቋርጠዋል።

ኬብል መዘርጋት የሚቻልበት ቦታ ሁሉ ኬብል ይዘርጋ፤ ፈጣንም አስተማማኝም እሱ ነው፤ ራዲዮም አይረብሽም። ግድግዳው በማይበሳበት፣ ገንዘቡ በማይበቃበት፣ ፈተናው በደረሰበት ቦታ ግን ሁለት ትናንሽ መሣሪያዎች በአንድ ከሰዓት ሥራ ክፍተቱን ይሞላሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ሽቦው ራሱ ነው። በጦርነቱ የተጎዱ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት በሚጠገኑበት፣ በየከተማው አዳዲስ ቤት በሚሠራበት በዚህ ጊዜ፣ የመብራት ሥራ ከአናጺውና ከግንበኛው ተርፎ በመጨረሻ በጥድፊያ የሚከናወን ነገር መሆን የለበትም። ባለቤቱ ኤሌክትሪሺያኑን አራት ነገር ይጠይቀው፤ የምጣዱ መስመር ከሌሎቹ ተለይቶ ወፍራም ሽቦ ይሁን፤ እያንዳንዱ ማያያዣ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ በብሎን ይጠብቅ፤ ኧርዙ እውነተኛ መሬት ይንካ፤ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ከመብራቱ ቱቦ ጎን ሌላ ባዶ ቱቦ ይቀበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቤቱን ከእሳት፣ ልጆቹን በኤሌክትሪክ ከመመታት ያድናሉ፤ የመብራቱንም ሽቦ ዛሬውኑ መረጃ የሚሸከም ያደርጉታል። አራተኛው፣ ባዶው ቱቦ፣ ፋይበር አምደ ወርቅ በር ላይ በደረሰ ቀን ድንጋይ ሳይፈለፈል እስከ ማጥኛው ክፍል ያስገባዋል።